ሰው የሚበላበት ምግብ ቤት

ግልጽ ደብዳቤ

የሎተሪና የዕድል ጨዋታ ፈቃድ ለሚሰጠውና ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት
ለደሴ ከተማ ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ በምግብ ቤቶች፣ በግሮሰሪዎችና በመጠጥ ቤቶች ውስጥ የሚቀመጡ የቁማር ስክሪኖችንና ማሽኖችን ይመለከታል

እኔ በደሴ ከተማ ለ26 ዓመታት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከባለቤቴ ጋር በመናኸሪያው አቅራቢያ አነስተኛ ምግብ ቤት ከፍቼ የምተዳደር ሰው ነኝ። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ዘወትር የሌላውን ጥፋት ይዘረዝራል፤ እኔ ግን ከራሴ ጥፋት ካልጀመርሁ የምለው ሁሉ ክብደት አይኖረውም። ለስምንት ወራት ያህል በምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ የቁማር ስክሪን ሰቅዬ፣ ደንበኞቼ ካሲያዙት ገንዘብ ኮሚሽን እየተቀበልሁ ኖሬአለሁ። የምጽፍላችሁም በእነዚያ ስምንት ወራት በዓይኔ ያየሁትንና በደብተሬ የመዘገብሁትን መሠረት አድርጌ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ወኪል ወደ ቤታችን በመጣ ጊዜ ነው። ስክሪኑንም፣ ትንሿን የቲኬት ማተሚያም፣ ኢንተርኔቱንም ድርጅቱ በራሱ ወጪ እንደሚያቀርብ፣ ከእኔ የሚፈለገው ግድግዳና ጥቂት ወንበር ብቻ እንደሆነ፣ በየሳምንቱም ከሽያጩ ድርሻዬ እንደሚታሰብልኝ አስረዳኝ። በዚያ ወቅት የቤት ኪራይ ተጨምሮብን ዘይቱም ጤፉም ከአቅማችን በላይ ሆኖብን ነበር። ባለቤቴ «ይህ ነገር ለቤታችን በረከት የለውም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሒሳብ አዋቂ ነኝና በቁጥር ረታኋት።

ስክሪኑ ላይ በየሦስት ደቂቃው አንድ ዙር ይካሄዳል። አንዳንዱ በኮምፒዩተር የተሠሩ ውሾች የሚሽቀዳደሙበት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያዘወትረው ግን ኬኖ ነው። ከ1 እስከ 80 ካሉት ቁጥሮች ተጫዋቹ የፈለገውን ይመርጣል፣ ማሽኑ 20 ቁጥር ያወጣል፣ በገጠመለት ልክ ይከፈለዋል። ኳስ የማያውቅ፣ ማንበብም ብዙ የማያቀና ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል። አንድ ዙር ሲያልቅ ሌላው ለመጀመር የቀሩት ሰከንዶች ወደ ታች ሲቆጠሩ ይታያሉ፤ በዚህ መካከል ተነሥቶ ለመውጣት የሚያስችል ፋታ የለም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤታችን ሞላ። ረዳቶች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ለሰኞ ገበያ ከገጠር የመጡ ሰዎች፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ ደግሞ ደብተር የያዙ ልጆች ይገቡ ነበር። በየቁማር ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው «ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በእኛም ቤት ተለጥፎ ነበር። ነገር ግን በምግብ ቤት ውስጥ ያለን ልጅ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ነው ወይስ ሊያሲይዝ ብሎ መለየት የሚችል ማን ነው? የቁማር ቤት በር አንድ ነገር ብቻ ስለሚሸጥ መጠበቅ ይቻላል፤ የምግብ ቤት በር ግን ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። ስክሪኑን ምግብ ቤት ውስጥ ያስገባ ሰው የዕድሜውን ክልከላ ወረቀት ብቻ አድርጎታል፤ ይህን ያደረግሁት አንዱ እኔ ነኝ።

ቤቱ ቢሞላም የምግቡ ሽያጭ አልጨመረም። አንድ ሻይ ያዘዘ ሰው አራት ሰዓት ይቀመጣል። ከኮምቦልቻ የሚመላለስ የአንድ ሚኒባስ ረዳት ነበር፤ ቀድሞ በየቀኑ ሽሮ ይበላ ነበር፣ በሁለተኛው ወር ወደ ዳቦና ሻይ ወረደ፣ በአራተኛው ወር ምንም ሳያዝ ስክሪኑ ሥር ይቆም ጀመር። «ጋሼ፣ በአንድ ቁጥር ተቃጠለብኝ» ይለኛል በተሸነፈ ቁጥር፤ ልክ አንድ ቁጥር የቀረው ሰው ከማሸነፍ አንድ እርምጃ ብቻ የራቀ ይመስል። አንድ ቀን ለሾፌሩ የሚያስረክበውን የዕለቱን ሒሳብ በሙሉ ተበላና እንዳበድረው እየተንቀጠቀጠ ለመነኝ። አበደርሁት። ማታ ደብተሬን ስዘጋ፣ ያበደርሁት ገንዘብ የዚያ ሳምንት ኮሚሽኔ እንደሆነ፣ ኮሚሽኔም ከእርሱና ከመሰሎቹ ኪስ የተቆነጠረ እንደሆነ አየሁ። የራሱን ገንዘብ ለራሱ አበድሬ፣ እንዲመልስልኝ ደግሞ ቀን ቆርጬለት ነበር።

በእነርሱ ቋንቋ የተሸነፈ ሰው «ተበላሁ» ይላል። «ሰው የሚበላበት ቤት» የሚለውን ሐረግ አላልቶ የሚያነብ ሰው ስለ ምግብ ቤት የተነገረ ነው ይላል፤ አጥብቆ የሚያነበው ደግሞ ሌላ ነገር ይረዳበታል። ቤቴ በላላው ንባብ ተከፍቶ በጠበቀው ንባብ እየሠራ ነበር።

ስክሪኑን ካወረድሁ በኋላ፣ ቀድሞ መሥራት የነበረብኝን ስሌት ሠራሁ። በኬኖ 6 ቁጥር መርጦ ስድስቱንም የማግኘት ዕድል ከ7,753 ዙር አንድ ነው። በሰዓት 20 ዙር ይካሄዳል ብንል፣ በቀን 8 ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ሰው በአማካይ በ48 ቀን አንድ ጊዜ ይገጥመዋል ማለት ነው። 10 ቁጥር መርጦ አሥሩንም ማግኘት ደግሞ ከ8,911,711 አንድ ነው። ከዚህ የበለጠ ሰው የማያስተውለው ግን የድግግሞሹ ነገር ነው። ለምሳሌ ያህል ጨዋታው ከሚሲያዘው እያንዳንዱ ብር 90 ሳንቲሙን ለተጫዋቾች የሚመልስ ነው እንበል፤ ይህ ለጆሮ በጣም ቸር ይመስላል። ይሁን እንጂ 100 ብር ይዞ የገባ ሰው በየዙሩ በእጁ ያለውን ሁሉ መልሶ ቢያሲይዝ፣ ከ20 ዙር በኋላ፣ ይኸውም ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በአማካይ የሚቀረው 12 ብር ገደማ ነው። የጨዋታው ጉልበት ያለው በፍጥነቱ ነው።

ይህንንም የምለው ሎተሪን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ ለመውቀጥ አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የእንቁጣጣሽ ሎተሪና ቶምቦላ ያልገዛ የደሴ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ገዝቻለሁ፤ ፒያሳ ላይ ትኬት የሚያዞሩትንም ሰዎች አከብራለሁ። አንድ ሰው ትኬቱን ገዝቶ ኪሱ ይከታል፣ ዕጣው እስኪወጣ ሳምንታት ይጠብቃል፣ በእነዚያ ሳምንታት ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ያሳድጋል። ካልደረሰው የጠፋው የአንድ ትኬት ዋጋ ነው። በየሦስት ደቂቃው ዕጣ የሚያወጣውን ስክሪንና በዓመት በዓል የሚወጣውን ዕጣ በአንድ ስም «ሎተሪ» ብሎ መጥራት፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንፈስ ፈቃድ መስጠት፣ ጠላንና አረቄን ፈሳሽ ስለሆኑ ብቻ አንድ ነው እንደ ማለት ነው።

ዕጣ ለእኛ ለወሎዎች እንግዳ ነገር አይደለም። የዕቁብ ዕጣ በየሳምንቱ እናወጣለን። ሃያ ሰዎች በሳምንት 500 ብር ቢጥሉ 10,000 ብር ይሰበሰባል፤ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ እንጂ ማን እንደሚያጣ አይደለም፤ በሃያኛው ሳምንት ሁሉም የጣለውን አግኝቷል። የወሎ ዕድር የሆነው ቅሬአችንም እንዲሁ ነው፤ መዋጮው ለማን ቀን እንደሚወጣ አናውቅም፣ ግን ከመካከላችን አይወጣም። በስክሪኑ ላይ የሚጣለው ገንዘብ ግን ማታውኑ የጦሳን ተራራ ተሻግሮ ከከተማችን ይሄዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ በቅሬአችን መዋጮ የሚያጓድል ሰው ሲበዛ፣ እኛ የምናውቀው የኑሮ ውድነቱን ብቻ ነበር፤ አሁን ከአጓዳዮቹ መካከል ቤቴ ሲቀመጡ ያየኋቸውን በስም እለያለሁ፤ ስማቸውን ግን እዚህ አልጽፍም።

ሃይማኖቱን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ቁርአን በሱረቱል ማኢዳህ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር በአንድ አንቀጽ አውግዞታል፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ቁማርን ሲያወግዙ ኖረዋል። በወሎ ሼሁና ቄሱ ያለ ሽማግሌ ከሚስማሙባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው መንግሥት የሃይማኖት ሕግ እንዲያስፈጽም አይደለም። የምጠይቀው ራሱ ያወጣውን ሕግ መንፈስ እንዲከተል ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በምግብና በመጠጥ ቤቶች ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ከልክሏል። አዋጁ ሲወጣ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ገበያችን ይሞታል ብለን አጉረመረምን፤ ገበያው አልሞተም። የአዋጁ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሰው ሊበላና ሊጠጣ በገባበት ቤት፣ ያልፈለገውን ጉዳት ሊቀበል አይገባም። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሲጋራ መለኮስ ተከልክሎ፣ ከዚያው ወንበር ፊት ለፊት በሰዓት ሃያ ጊዜ ገንዘብ የሚጠይቅ ስክሪን ማብራት እንዴት ሊፈቀድ ይችላል? መጠጡ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይባባሳል። ግሮሰሪ ውስጥ ሦስተኛ ቢራውን የጨረሰ ሰው የውል አቅም እንዳለው ቆጥሮ የሚያስተናግደው ማሽኑ ብቻ ነው፤ እኔ እንኳ ለእንዲህ ያለ ሰው ዱቤ አልሰጥም።

ሌሎች አገሮች ይህን መንገድ ቀድመውን ሄደውበታል። በአሜሪካ የሳውዝ ዳኮታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 በግዛቱ ሎተሪ ሥር የቪዲዮ ቁማር ማሽኖችን በመጠጥ ቤቶች እንዲቀመጡ በመፍቀድ የመጀመሪያዋ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1994 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማሽኖቹ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ብሎ በመወሰኑ ለሦስት ወራት ያህል ጠፉ። በእነዚያ ወራት ስለ ቁማር ሱስ ሕክምና የሚጠይቁ ሰዎች ቁጥር በጉልህ ቀነሰ፤ በኅዳር ወር በሕዝብ ድምፅ ማሽኖቹ ተመልሰው ሲበሩ ጠያቂዎቹም ተመለሱ። ለአንድ የሒሳብ መምህር ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል፤ ሕዝቡ ያው ነው፣ ከተማው ያው ነው፣ የተለወጠው የማብሪያና ማጥፊያው ቁልፍ ብቻ ነው። ይሁንና እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ነው። ማሽኖቹ መጀመሪያ ከበሩ አምስት ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር፤ ገቢያቸው በግዛቱ በጀት ውስጥ ገብቶ ስለነበረ ማንሣት የበጀት ጉድለት መፍጠር ሆኖ ታየ። እኛ ዛሬ የምንገኘው ከዚያ ቀደም ባለው ጊዜ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ገና የትምህርት ቤት ወይም የመንገድ በጀት ስም አልተሰጠውም።

ኖርዌይ በተቃራኒው ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2006 ማሽኖቹ የወረቀት ገንዘብ እንዳይቀበሉ ከለከለች፤ በሐምሌ 2007 ደግሞ በየሱቁና በየካፌው የነበሩትን ሁሉ አነሣች። በኋላ በመንግሥቱ የጨዋታ ድርጅት በኩል አዲስ ማሽን ሲገባ፣ ተጫዋቹ በግል ካርድ ብቻ እንዲጫወትና በቀንና በወር ሊያጣ የሚችለው ገንዘብ ገደብ እንዲኖረው ተደረገ። ለእርዳታ መስመሩ የሚደውሉ ሰዎች ቁጥር ከመነሣቱ በኋላ መቀነሱ ተመዝግቧል። የአውስትራሊያ የምርታማነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ፣ በማሽኖቹ ላይ ከሚወጣው ገንዘብ 40 በመቶ ያህሉ የሚመጣው የቁማር ችግር ካለባቸው ሰዎች እንደሆነ ገምቷል። ይህ ማለት የማሽኑ ንግድ ትልቅ ክፍል ቆሞ የሚሄደው በሚዝናናው ሰው ሳይሆን በሚሰቃየው ሰው ነው። በእኔ ደብተር ላይም፣ ቁጥሩን በመቶኛ ባልለውም፣ ኮሚሽኔ የተሠራው በየቀኑ ከሚመጡ ጥቂት ሰዎች እንጂ አንድ ጊዜ ሞክረው ከሚሄዱ ብዙዎች አልነበረም።

ሁለት ተቃውሞዎችን አስቀድሜ እሰማለሁ። የመጀመሪያው «ከምግብ ቤት ብታነሡት ወደ ስልክ ይሄዳል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይሄዳል፤ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ይሄዳል፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን ሲዘጋም ሁሉም ሰው ቁማር አልተወም። ሆኖም ስልክ ላይ ለመጫወት ሰው አስቦ መክፈት፣ መመዝገብ፣ ገንዘብ ማስገባት አለበት፤ የእኔ ስክሪን ግን ቁርሱን ሊበላ የመጣውን ሰው ሳያስበው ያዘው። ስልኩም ቁጥጥር ያስፈልገዋል፤ ያ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ሁለተኛው ተቃውሞ የገቢው ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ አሸናፊ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፤ ከ1,000 ብር በታች የሆነው ሽልማት ግን ነፃ ነበር። ልብ በሉ፤ መንግሥት ለሚያሸንፈው ሰው ቀመር አለው፣ መዝገብ አለው። የተሸነፈውን የሚቆጥር መዝገብ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚገኝ ግን ፈልጌ አላገኘሁም። እንዲያውም ስክሪኑን ካወረድሁ በኋላ ጉዳዩን ለማስረዳት ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ፣ «ፈቃድ ካለው ምን አገባን» ተብዬ ተመልሻለሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ምግብና መጠጥ በሚሸጥባቸው ቤቶች ውስጥ በየደቂቃው ዕጣ የሚያወጣ ማንኛውም ስክሪንም ሆነ ማሽን፣ በሚቀጥለው የፈቃድ እድሳት ጊዜ ፈቃዱ እንዳይታደስ። ዛሬ ነገ ይነሣ ብዬ አልጠይቅም፤ በኮሚሽኑ ኪራይ የሚከፍሉ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አንድ ዓመት ቢሰጣቸው ይችሉታል፤ እኔ በሁለት ወር ችዬዋለሁ። ራሱን ችሎ የሚከፈት የቁማር ቤት ቢኖር እንኳ፣ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት የአካባቢው ቅሬዎችና የቀበሌው ነዋሪ ተጠርተው ይጠየቁ፤ ከትምህርት ቤትና ከመናኸሪያም የሚርቅበት ልክ በሜትር ይጻፍ። የቅሬ ስብሰባ መቃብር ቁፋሮ ብቻ የሚወስን የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወሎን አያውቅም ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ግን ቁጥሩ እንዲታወቅ ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ በየወሩ ስንት ብር ተያዘ፣ ስንቱ ለተጫዋቾች ተመለሰ፣ ስንቱ ከከተማው ወጣ? ማሽኖቹ ከአንድ ማዕከል ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ይህ መረጃ በሰከንድ ይገኛል፤ መሰብሰቢያ ወጪ የለውም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ ሱቁ የተዘረፈበትና ሥራው የፈረሰበት ሰው ገና አልቆመም፤ መልሶ ማቋቋሚያ እየተባለ ስንት ብር ወደ ከተማችን እንደገባ በስብሰባ ይነገረናል። በስክሪን በኩል ስንት ብር እንደወጣም አጠገቡ ተጽፎ ልናየው መብታችን ነው። የምክር ቤቱ አባላት ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ካዩ በኋላ ምን እንደሚወስኑ ለእነርሱ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 535/1999 ዳግም የተቋቋመው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ሎተሪ የሚሸጥም፣ ለሌሎች ፈቃድ የሚሰጥም ተቋም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት ሲለዋወጥ ቆይቷል። በማንኛውም አደረጃጀት ቢሆን ግን፣ ከጨዋታው መብዛት ገቢው የሚጨምርለት አካል የጨዋታውን ልክ ወሳኝ መሆን የለበትም፤ እኔም በቤቴ ሁለቱንም ልሆን ሞክሬ አልቻልሁም።

የስምንቱን ወራት የኮሚሽን ደብተር ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለከተማው ምክር ቤት አስገባለሁ፤ የደንበኞቼን ስም ሰርዤዋለሁ። ስክሪኑ ከነበረበት ግድግዳ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ቀርተዋል፤ ባለቤቴ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላበታለች። መጥቶ ሊያነጋግረኝ የሚፈልግ ባለሙያ ካለ ከሰኞ በቀር በማንኛውም ቀን ከምሳ ሰዓት በኋላ ያገኘኛል፤ ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ እጄ አይፈታም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረተኛ የሒሳብ መምህርና የምግብ ቤት ባለቤት፣ ደሴ